የመብራቱ የውኃ አባት

አጎቴ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሉማሜ ከተማ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት አላቸው። በቅርቡ ስንደዋወል ሞተራቸው መቃጠሉን ነገሩኝ። ኃይል ከሚያመጡለት ከሦስቱ መስመሮች፣ ከሦስቱ ፌዝ፣ አንዱ ጠፍቶ ኖሮ፣ ወፍጮውን የሚያስነሣው ልጅ ሳያውቅ ማብሪያውን ይጫነዋል፤ ሞተሩ ጥቂት አጉረመረመና ጢስ አወጣ። ሽቦው እንደገና እንዲጠመጠም ደብረ ማርቆስ ተልኮ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጤፍ ተሸክመው የመጡት ሴቶች ወደ ሌላ ወፍጮ ሄዱ፤ ገሚሶቹም በዚያው ቀሩ። አጎቴ የሚመለከተው ቢሮ ሄደው አመለከቱ። «የተበላሸው ከላይ ነው» ተባሉ። ላይ ማለት የት እንደሆነ የነገራቸው የለም።

«አንተ ልጅ፣ አንተ ባለህበት አገር ይህን ለማን ነው የምትነግረው?» አሉኝ።

ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልን ምላሳችን ቶሎ ይፈታል። ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት እንዳለ፣ ኩባንያ በደንበኛ ላይ ዋጋ ለመጨመር እዚያ ቀርቦ እንደሚሟገት፣ ማንም ሰው አቤት ማለት እንደሚችል ደረደርሁላቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የነገርኋቸው ግማሹን ብቻ መሆኑ ከነከነኝ።

እኔ የምኖረው ዳላስ ነው። የቴክሳስ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመ ነው። ኮሚሽነሮቹን ገዥው ይሾማል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል፣ የሥራ ዘመናቸው ስድስት ዓመት ነው። የመብራት መስመር የሚዘረጋው ኩባንያ «ይህን ያህል አውጥቻለሁ፣ ከደንበኞች ልሰብስብ» ሲል ሒሳቡን ተሸክሞ እነርሱ ፊት ይቆማል። የኮሚሽኑ መሐንዲሶችና የሒሳብ ባለሙያዎች ወጪውን መስመር በመስመር ያገላብጡታል። በዚያ ላይ የቤት ደንበኞችን ወክሎ የሚከራከር ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ። የሠራተኞቹ ደመወዝ ምሥጢር አይደለም፤ የፈለገ ሰው ከነስማቸው ማየት ይችላል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ቢባል፣ አገልግሎት ሰጪዎቹ ከደንበኛ ከሚሰበስቡት ገቢ ላይ የአንድ በመቶ አንድ ስድስተኛውን እንዲከፍሉ ሕጉ ያዛል። ከመቶ ዶላር ሒሳቤ ላይ 17 ሳንቲም ገደማ መሆኑ ነው።

ይህን ለአጎቴ በሁለተኛው ስልክ ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ «የውኃ አባት ነዋ!» አሉ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ከጮቄ ሥር የሚወርዱትን ወንዞች በቦይ እየጠለፈ የሚያጠጣ የጎጃም ገበሬ ውኃውን በተራ የሚያከፋፍልለት ሰው ይመርጣል፤ ይህም ሰው የውኃ አባት ይባላል። እኔ ባደግሁበት ሰፈር የውኃ አባት ሲመረጥ ሽማግሌዎቹ የሚያዩት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ማሳው የት ነው? ከራስጌ፣ ቦዩ ከሚጀምርበት ያለ ሰው አይመረጥም፤ ውኃው ቢደርቅም ባይደርቅም እርሱ ጠጥቷልና። ከግርጌ ያለው ግን ለራሱ ማሳ እንዲደርስ ሲል የሁሉንም ተራ ያስከብራል። ሁለተኛ፣ ሌሊቱን ቦይ ለቦይ ሲዞር የሚያድር ሰው ምን ይበላል? ስለዚህ ከቦይ ጠረጋ ነጻ ይሆናል፣ እህል ሲገባም ከየቤቱ ይዋጣለታል። ቁናው ባይሞላ የሚሆነውን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ባለ ጠጋው ከራስጌ ጠላ ይጠራዋል፣ ውኃውም እዚያው ይቀራል። የቆጋ መስኖ መራዊ ላይ ሰባት ሺህ ሄክታር ሊያጠጣ ሲሠራ መሐንዲስ ያልነበራቸው አባቶቻችን ይህን ጉዳይ ከጨረሱት ቆይተዋል።

እንግዲህ ለአጎቴ ያልነገርኋቸው ግማሽ እዚህ ላይ ይጀምራል።

በየካቲት 2013 ዓ.ም. ቴክሳስ በረዶ ወረደባት። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ጨለማ ውስጥ ገቡ። የኃይል መረቡ ሙሉ በሙሉ ሊወድቅ የቀረው 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ብቻ እንደነበር በኋላ ተነገረ። ክፍለ ግዛቱ ራሱ የመዘገበው ሟች 246 ነው። የእኔ መኖሪያ ቤት ሆስፒታልን በሚመግበው መስመር ላይ ስለነበረ መብራቱ አልጠፋም፤ ዐሥራ አንድ ሐበሻ ሳሎኔ ውስጥ በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አደረ። አንዲት እናት ቡና እያፈሉ፣ «ከአገሬ መብራት ጠፍቶብኝ ብወጣ ፈለጉን ተከትሎ ደረሰብኝ» ብለው በዚያ ጭንቅ አሳቁን።

ይህ ሁሉ ድንገተኛ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2011 ተመሳሳይ ብርድ ወርዶ፣ የፌዴራል መርማሪዎች የጋዝ ጉድጓዶችንና ማመንጫዎችን ለብርድ አዘጋጁ ብለው ጽፈው ነበር። ምክር እንጂ ግዴታ አልነበረምና ዐሥር ዓመት ወረቀት ላይ ተኛ። ከአደጋው በኋላ ሦስቱም ኮሚሽነሮች በሳምንታት ውስጥ ወንበራቸውን ለቀቁ፤ ምክር ቤቱ ቁጥራቸውን ወደ አምስት አሳደገው፣ ለብርድ መዘጋጀትንም ሕግ አደረገው። የመረቡ አስተዳዳሪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅም ተሰናበተ። ውሉ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ የስንብት ክፍያ የሚያስገኝለት ነበር፤ አልቀበልም አለ። ሰውየው መልካም ሥነ ምግባር ይኑረው አይኑረው አይደለም የገረመኝ። የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተራ መሐንዲስ ዓመታት ሠርቶ የማያገኘው ገንዘብ፣ ቁጥጥር ለሚደረግበት ወገን አለቃ የመሸኛ ብቻ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በየጊዜው የሚፈትሸው የምክር ቤቱ አካል ኮሚሽኑን ሲመረምር፣ የተጫነበትን ሥራ የሚሸከም የሰው ኃይልና ገንዘብ እንደሌለው ጻፈ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የውኃና የፍሳሽ ኩባንያዎች ዋጋ ቁጥጥርም ተጨምሮበታል። «17 ሳንቲሙስ?» ትሉኝ ይሆናል። እርሱ ወደ ክፍለ ግዛቱ ጠቅላላ ካዝና ይገባል፤ ኮሚሽኑ በጀቱን ለመጠየቅ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ የሚሰበሰበውን ምክር ቤት ደጅ ይጠናል። ቁናው ተሰብስቦ ሌላ ጎተራ ገባ ማለት ነው። በፌዴራል ደረጃ ደግሞ የኃይል ቁጥጥር ኮሚሽኑ ወጪውን በሙሉ ከሚቆጣጠራቸው ኩባንያዎች ያስከፍላል፤ እንዲያም ሆኖ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2020 ባጸደቀው የኃይል ሕግ ውስጥ ለኮሚሽኑ ሠራተኞች የሚከፈለው በቂ ካልሆነ ሊቀመንበሩ ከተለመደው እርከን በላይ መክፈል የሚችልበትን አንቀጽ ማስገባት ግድ ሆነበት። ይህ እንግዲህ የዓለም ሀብታም አገር ነው።

ባለሙያው ወዴት ይሄዳል? ወደሚቆጣጠረው ኩባንያ ነዋ። የቴክሳስ ሕግ ይህን ስለሚያውቅ ኮሚሽነር ከለቀቀ በኋላ ሁለት ዓመት፣ ሌላው ሠራተኛ አንድ ዓመት ሳይሞላው በሚቆጣጠረው ድርጅት እንዳይቀጠር ይከለክላል። ትናንት ደብተር ሲመረምር የነበረ ሰው በዓመቱ ደብተር ሠሪ ሆኖ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን የኛን አባባል ጠባሳ አድርገን እናየዋለን፤ ፈረንጅ ግን በሹመት ሳይበላ ከሹመት በኋላ የሚበላበትን መንገድ አበጅቶ በሕግ ቀን ቆርጦለታል።

ወደ አገር ቤት ስመለስ፣ ተቆጣጣሪ የለንም የሚል ሰው ተሳስቷል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኤጀንሲ በአዋጅ ቁጥር 86/1989 ተቋቁሟል፤ በአዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢነርጂ ባለሥልጣን ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ነዳጅ ተጨምሮለት የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተባለ። በ2006ቱ አዋጅ መሠረት የብሔራዊ መረቡን ታሪፍ መርምሮ ለመንግሥት የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ ራሱ አያጸድቅም። ከመረቡ ውጪ ላሉ አነስተኛ አቅራቢዎች ግን ማጽደቅ ይችላል። ያም ቢሆን ዳኝነቱ ከመንግሥት፣ ተዳኙም የመንግሥት ድርጅት ነው። በእኛ ሰፈር ቋንቋ የራስጌው ማሳ ባለቤት የውኃ አባቱንም የሚሾም እርሱ ነው።

ውጤቱን በታሪፉ ታሪክ ማየት ይቻላል። ከ1998 እስከ ታኅሣሥ 2011 ድረስ ዋጋው ሳይነካ ቆየ። የእንጀራ ዋጋ ስንት እጥፍ ሲሆን፣ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት በ27 ሳንቲም ገደማ ይሸጥ ነበር። ደግ ይመስላል፤ ነገር ግን ገቢው የቆመ ድርጅት አሮጌ ምሰሶና አሮጌ ትራንስፎርመር በምን ይቀይራል? የአጎቴ ፌዝ የሚጠፋው እዚያ ደግነት ውስጥ ነው። ከዚያ ከ2017 መግቢያ ጀምሮ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ጭማሪ መጣ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ዝም ብሎ ኋላ በየሩብ ዓመቱ መዝለል፣ በየዓመቱ ሒሳብ ሠርቶ «ይህ ይገባል፣ ይህ አይገባም» የሚል ጉልበተኛ ባለሙያ ሲጠፋ የሚሆን ነገር ነው። አጎቴ ጭማሪውን ያወቁት ከቆጣሪያቸው ነው።

ያ ባለሙያ ምን ይከፈለዋል? በጥቅምት 2017 የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። በመስከረም 2018 ደግሞ 6,000 ሆነ፤ በዲግሪ የሚጀምር ሠራተኛ 11,500 ብር ይዞ ይገባል። ብር ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ የቤት ኪራይ ከተከፈለበት ምን እንደሚተርፈው አንባቢ ያውቃል። የልማት ድርጅት፣ ባንክ፣ ኮንትራክተር ግን በራሱ መዋቅር ነው የሚከፍለው። የኃይል መረብ ሒሳብ የሚያነብ፣ የብድር ወለድና የውጭ ምንዛሪ በታሪፍ ላይ የሚያመጣውን የሚያሰላ ወጣት መሐንዲስ በዚህ እርከን ስንት ዓመት ይቀመጣል?

«ለዚህም ደግሞ ከሒሳባችን ይቆረጥ?» የሚል ቁጣ እንደሚመጣ አውቃለሁ። መምህሩና ነርሷ በምን እየኖሩ ለተቆጣጣሪ ልዩ ደመወዝ ማለት ያሳፍራል። እኔም ለዋና ኃላፊ መኪና ይገዛ እያልሁ አይደለም። ከመቶ ብር ሒሳብ 17 ሳንቲም ብትቆረጥና ለዚህ ሥራ ብቻ ብትቀመጥ፣ ከዚያም የተቀጣሪው ደመወዝ በግልጽ ቢለጠፍ፣ አጎቴ የሚከፍሉት ካቃጠሉት ሞተር ጋር ሲነጻጸር የሚቆጠር አይደለም። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፤ የተቀጠረው ሰው ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ከተቀመጠ እኔም ሐሳቤን እተዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ሁለት መሐንዲስና አንድ አቤቱታ ተቀባይ፣ የመብራት መቋረጥን ሰዓት የሚመዘግብ አንድ መሣሪያ ይዘው ቢቀመጡ፣ «የተበላሸው ከላይ ነው» የሚለው መልስ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይኖረው ነበር። አሁን የአጎቴ ማስረጃ የተቃጠለ ሽቦ ብቻ ነው።

ጎጃም ለመረቡ እንግዳ አይደለም። የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. 11.4 ሜጋ ዋት ይዞ ሲጀምር ፏፏቴው ላይ ቀስተ ደመና ይታይ ነበር። ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው በዚያው ከሰከላ በሚነሣው ውኃ ነው። ስለ ዓባይ ልጅና ስለ ጥም የሚነገረውን ሁሉም ስለሚያውቀው አልደግመውም።

ሦስተኛው ስልካችን አጭር ነበር። አጎቴ መብራቱን ታክቷቸው ጥግ የተጣለውን የናፍጣ ሞተር አስጠግነው ወደ ሥራ መልሰዋል። ናፍጣው ግን ወረፋ አለው፣ ዋጋውም እንደ ሻጩ ነው።

«ናፍጣውንስ የሚቆጣጠረው ማን ነው?» አሉኝ።

«ያው ራሱ ነው ጋሼ። ነዳጅና ኢነርጂ አንድ መሥሪያ ቤት ናቸው።»

ሳቃቸው ረዘመ። «እንግዲያስ ሰውየው ማደያ ለማደያ ሲዞር ነው የጠፋብኝ! እኔ ደግሞ እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ አማሁት» አሉ። ሌላም ሊጨምሩ ነበር፤ ነገር ግን ልጁ የናፍጣውን ሞተር አስነሣውና ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም።