ማስተካከያ፦ ስለ ቀርከሃው የነፍሳት ቤት

በሰበታ፣ በሱሉልታና በለገጣፎ የጓሮ አትክልት በሚያለሙ ሰዎች ዘንድ በሰፊው የተጋራው የነፍሳት ቤት (ለብቻቸው ጎጆ የሚሠሩ ንቦች እንቁላል እንዲጥሉበት የሚታሰር የቀርከሃ ቱቦ) አሠራር «ቀርከሃውን በ5 ሳንቲሜትር ቁረጡ፣ ሁለቱም ጫፍ ክፍት ይሁን፣ ካጣችሁ የፕላስቲክ ስትሮ ይበቃል» ይላል። ሦስቱም ልክ አይደሉም።

ርዝመቱ 15 ሳንቲሜትር ገደማ መሆን አለበት። ለብቻቸው ጎጆ በሚሠሩ ንቦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ እናቲቱ ሴት የሚሆኑትን እንቁላሎች ከጥልቁ በኩል፣ ወንዶቹን ወደ መግቢያው ትጥላለች። ቀዳዳው ሲያጥር የሚፈለፈሉት አብዛኞቹ ወንዶች ይሆናሉ። ጎጆ የምትሠራውም ሆነ ለልጆቿ የአበባ ዱቄት የምታመላልሰው ግን ሴቷ ናት፤ ስለዚህ የንቦቹ ቁጥር ይመናመናል።

የኋላው ጫፍ ዝግ ይሁን። አንጓው ከኋላ እንዲቀር አድርጋችሁ ከቆረጣችሁ ሌላ መድፈኛ አያስፈልግም። የቀዳዳው ስፋት ከ3 እስከ 10 ሚሊሜትር ቢለያይ ጥሩ ነው። አፉ ላይ የቀረውን ስንጥር በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ የንቦቹን ክንፍ ይቀድዳል።

ፕላስቲክ እርጥበት ስለማያስወጣ በክረምቱ ውስጡ ይሻግታል፣ እጮቹም ይሞታሉ። ቀርከሃ ከጠፋ ሸምበቆ አለ። ቤቱን የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝ ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ነፋስ እንዳያወዛውዘው አጥብቃችሁ እሰሩት።

በ5 ሳንቲሜትር የሠራችሁ አሁኑኑ አትጣሉት። አፉ በጭቃ ወይም በቅጠል የተደፈነው ውስጥ እጭ አለ፤ ንቦቹ ወጥተው እስኪያልቁ ጠብቁ። ባዶዎቹን ግን ዛሬውኑ በረዥሙ መተካት ይቻላል።