እርማት፦ የድሮ ሳንቲም መወልወል ዋጋ አይጨምርም

ሰላም፣ ሰሞኑን እየተደጋገመ የማየው ምክር አለ፤ ጠቆር ያለ የድሮ የብር ሳንቲም በኦንላይን ጨረታ በርካሽ ግዙ፣ በጥርስ ሳሙና ወልውሉት፣ ሲያብረቀርቅ ፎቶ አንሱና በእጥፍ ሽጡት የሚል። በቅንነት የተባለ ይመስለኛል ግን ነገሩ ተቃራኒው ነው።

ሰብሳቢዎች የሚከፍሉት ላልተነካ ገጽታው ነው። ያ ጥቁረት ብሩ አየር ውስጥ ካለ ሰልፈር ጋር ሲገናኝ ቀስ እያለ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው፣ እንደውም ቀለሙ ካማረ ዋጋ የሚጨምርበት ጊዜ አለ። የጥርስ ሳሙና ግን የሚፍቅ ደቃቅ ዱቄት ስላለው ሽፋኑን ብቻ ሳይሆን ብረቱንም ይጭረዋል፣ አንዴ ከተጫረ ደግሞ አይመለስም። እነ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ (ሳንቲም መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች ናቸው) እንዲህ የተጎዳ ሳንቲም ሲደርሳቸው ከ1 እስከ 70 ካለው ስኬል የተለመደውን ቁጥር አይሰጡትም፣ «ዲቴይልስ» ብለው መጽዳቱን ይጽፉበታል፣ ገዢም ያንን ሲያይ ዋጋ ይሰብራል። ትርፍ የተባለው እዚያው ቀረ ማለት ነው።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ፊልተር ክፈቱና የአንድ ዓይነት ሳንቲም የተወለወለውንና ያልተነካውን አስተያዩ (የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ፣ መጠየቅማ ማንም ይጠይቃል)። እጃችሁ ላይ ያለውን ደግሞ አምፖል ስር አዘንብላችሁ አዙሩት፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሄዱ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ብዙ ጭረቶች ከታዩ ከናንተ በፊት የወለወለው ሰው ሳይኖር አይቀርም። ሳንቲሙ ላይ ያለው ቅባት ብቻ ከሆነ ሳትፈትጉ ንጹህ አሴቶን (ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ) ውስጥ መንከር ብሩን አይጎዳም፣ ግን መስኮት ክፈቱ፣ ከእሳትም አርቁት።