ተበድሮ የኪራይ ሰርቪስ መሥራት ያዋጣል? የባሕር ዳር ክርክር

የክርክሩ ሐሳብ፦ «ባሕር ዳር ውስጥ ግቢ ያለው ደመወዝተኛ ተበድሮም ቢሆን የኪራይ ሰርቪስ ይሥራ።» ሰርቪስ የሚባለው ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ሌላ የሚሠሩ ክፍሎች ናቸው። ደጋፊው ሽምብጥ ሰፈር ክፍል የሚያከራዩ ጡረተኛ መምህር፣ ተቃዋሚዋ የሒሳብ ባለሙያ ናቸው።

መምህሩ፦ ባንክ የተቀመጠ ብር በኑሮ ውድነት ያልቃል፤ ቤት ግን ከኑሮው ጋር ዋጋው ይጨምራል። ፔዳና ፖሊ የሚባሉት የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ባሉበት ከተማ ተከራይ አይጠፋም። ጡረታዬ ወር አያደርሰኝም፤ ያቆሙኝ ጓሮ የሠራኋቸው ክፍሎች ናቸው። ሰርቪስ አንዴ ከተሠራ ተኝተህ የምትበላበት ነው።

ባለሙያዋ፦ ጀማሪውን ገደል የሚከተው ይኸው «ተኝተህ የምትበላበት» የሚባለው ነው። ሐይቁ ዳር የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው፤ ነሐሴ ላይ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከሥር ውሃ ገብቶበት ሲገነፍል ማን ይተኛል? ዋልካ በሚባለው ጥቁር ጭቃ አፈር ላይ በወጉ ያልወረደ መሠረት በጋ ሲገባ ግድግዳ ይሰነጥቃል። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪው አገሩ ሲገባስ? ክፍሉ ባዶ ሆነ ተብሎ ብድሩ አይቆምም። የግማሽ ዓመት የብድር ክፍያ በእጁ ያልያዘ ሰው መሠረት አይቆፍር።

መምህሩ፦ ልጄ፣ አነጋገሬን ቆርጠሽ ነው የያዝሽው። «አንዴ ከተሠራ» ብያለሁ። እኔ ተኝቼ አላውቅም፤ ቆርቆሮ ሲያፈስ መሰላል የምወጣው ራሴ ነኝ።

ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ «ተኝቼ አላውቅም» ካሉ ለጀማሪውም እንደዚያው ይንገሩት። የመብራት ቆጣሪውን ብቻ እንይ። ብዙ ክፍሎች መብራት የሚስቡት ከአንድ ቆጣሪ ነው። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። በሳምንት ሁለቴ ምጣድ የምትጥደው እናት የሁሉንም ሒሳብ ወደ ላይኛው እርከን ትወስደዋለች፤ አንድ አምፖልና ስልክ ቻርጀር ያለው ተማሪ እኩል ክፈል ይባላል። ሒሳቡ በመጣ ቁጥር ጭቅጭቅ ነው፤ ተከራይ የሚለቀው በዚህ ነው። ከዚያ ክፍሉ ባዶ ያድራል፣ አዲስ ተከራይ ለማግኘት ደላላውም የድርሻውን ሊወስድ ይመጣል።

መምህሩ፦ ምጣድ ያለው ጨምሮ ይከፍላል፣ አለቀ። አሁን የተከራይ ጠበቃ ሆነሻል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። በር ገንጥሎ፣ የወራት ኪራይ ሳይከፍል የሚወጣውን ማን ይክሰኛል? ጀማሪውን የሚያስፈራው ይህ ነው እንጂ ጉድጓድ አይደለም።

ባለሙያዋ፦ ሁለት ዓመት የሚቆይ ተከራይ ለተበዳሪ በረከት ነው። አዋጁ የሚከብደው ኪራይ ለመጨመር ሲል ሰው ማስወጣት ለለመደ አከራይ ነው።

መምህሩ፦ እኔን ነው? ከግቢዬ ተመርቀው የወጡ ልጆች ዛሬም ለበዓል እየደወሉ እንኳን አደረሰዎ ይሉኛል። ክረምት ሲገባ የማንንም ዕቃ በር ላይ አላወጣሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው እንዲህ ሊባል አይገባም።

ባለሙያዋ፦ እርስዎን አላልኩም፤ ክብርዎን አልነካም። የተነሳነው ግን «ተበድሮም ቢሆን» ከሚለው ነው። የእርስዎ ክፍሎች በብድር ነው የተሠሩት?

መምህሩ፦ በእቁብ ነው፤ አንዱ ክፍል አልቆ ሲከራይ ሌላው ይጀመራል። ያን ጊዜ ግን እቁብ የደረሰው ሰው ሲሚንቶ መግዛት ይችል ነበር። ዛሬ ልጁ እቁቡ እስኪደርሰው የብሎኬቱ ዋጋ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ይበደር እላለሁ።

ባለሙያዋ፦ እንግዲያው አንድ ክፍል ይሥራ፣ ለብቻው ቆጣሪ ያስገባ፣ አከራይቶ ሁለት ክረምት ይይ። ለሁለተኛው ያን ጊዜ ይበደር።

መምህሩ፦ በሁለት ክረምት ዋጋው የት እንደሚደርስ ያንቺ ሒሳብ አልነገረንም።