«ሆርሞኗ ነው» አትበሉን

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ውስጥ ከጊዮርጊስ ወደ ፔዳ በባጃጅ እየሄድኩ ነው። ሬዲዮው ላይ አንድ እንግዳ ስለ ሴቶችና ስለ ኃላፊነት ቦታ ያወራል። «የሴት አንጎል በሆርሞን ምክንያት በየወሩ እንደሚለዋወጥ በጥናት ተረጋግጧል። ስለዚህ ወሳኝ ቦታ ላይ ከማስቀመጣችን በፊት ማሰብ አለብን» አለ። አዘጋጁ ዝም። ሹፌሩ «እውነቱን እኮ ነው» አለ። እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

የትኛው ጥናት? ሰውዬው ስሙን አልጠራም። በዚህ ጉዳይ በጣም ከሚጠቀሱት አንዱን እኔ ልጥራለት። በ1990 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካትሪን ዉሊ፣ ኤልዛቤት ጉልድ፣ ማያ ፍራንክፈርትና ብሩስ ማክዩን ያወጡት ነው። የተሠራው በሴት አይጦች ላይ ነው። የአይጥ ዑደት ደግሞ ወር ሳይሆን 4 ወይም 5 ቀን ነው። ሂፖካምፐስ የሚባል ለማስታወስ የሚያገለግል የአንጎል ክፍል አለ። እዚያ የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚገናኙባቸው ጥቃቅን እሾህ መሳይ ነገሮች ቁጥራቸው ከዑደቱ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲጨምር እነሱም ይጨምራሉ። ይጨምራሉ ነው የምላችሁ! የትልቅ ሰው አንጎል ደርቆ የቀረ ነገር አይደለም፣ ይታደሳል ማለት ነው። ሰውዬው ከዚህ ተነስቶ ሴት ለኃላፊነት አትመችም ብሎ ደመደመ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

የወንዱስ? ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ጠዋት ላይ ከፍ ይልና ወደ ማታ ይወርዳል። በወር አይደለም፣ በየቀኑ ነው። ከምሳ በኋላ ወንድ አይፈርም ያለ ኃላፊ ግን አይቼ አላውቅም።

ይሄው ሰበብ ቤተ ሙከራም ገብቶ ኖሯል። የሴት እንስሳት ዑደት ውጤት ያዛባል እየተባለ ለዓመታት ወንድ ወንዱ ብቻ ሲጠና ቆየ። በ2011 በወጣ ቆጠራ፣ በነርቭ ሳይንስ በወንድ እንስሳት ብቻ የተሠሩ ጥናቶች በሴት ብቻ ከተሠሩት 5.5 እጥፍ ይበልጡ ነበር። በ2014 ደግሞ 293 ጽሑፎች ተገምግመው፣ የሴት አይጦች ውጤት ከወንዶቹ የበለጠ እንደማይዋዥቅ ታየ። ሰበቡ ውሃ አያነሳም ነበር። ዛሬም አያነሳም።

ከወር አበባቸው በፊት ባሉት ቀናት በጣም የሚሰቃዩ ሴቶች አሉ። አልክድም። ሕመም ነው፣ ይታከማል። ወንድም ይታመማል።

የሚያናድደኝ ግን ከዚህ የባሰ ነገር ነው። ሆርሞን የሴትን አንጎል በእርግጥም ክፉኛ የሚያናውጥበት ጊዜ አለ። ያኔ ስለ ሆርሞን የሚያወራ አንድ ሰው አይገኝም። አራስ ቤት ማለቴ ነው።

በእርግዝና ጊዜ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላው የሴት ሆርሞን በብዙ እጥፍ ያድጋሉ። በብዛት የሚያመርታቸው የእንግዴ ልጁ ነው። እሱ ሲወጣ ሁለቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቁልቁል ይወርዳሉ። ከፕሮጄስትሮን የሚሠራና አንጎልን የሚያረጋጋ አሎፕሬግናኖሎን የሚባል ነገር አለ። እሱም አብሮ ይወርዳል። እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚሆነው ሴትዮዋ ደም ፈሷት፣ እንቅልፍ አጥታ፣ ጡቷ አብጦ ባለበት ሰዓት ነው።

እኔ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ በአምስተኛው ቀን ያለ ምክንያት አለቀስኩ። ከዘጌ የመጣችው አክስቴ ገንፎውን አስቀምጣ «አይዞሽ ልጄ፣ አራስ ሆደ ባሻ ናት» አለችኝ። ሆርሞን የሚለውን ቃል ሰምታው አታውቅም። ነገር ግን ብቻዬን አልተወችኝም። ሌሊት ልጁን ትቀበለኝና እተኛለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ለቀቀኝ። ብዙዎቻችንን እንደዚያ ይለቀናል።

ጎረቤቴን ግን አልለቀቃትም። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። አትተኛም፣ አትበላም፣ ልጁን ስታቅፍ ፊቷ ባዶ ነው። ሰፈሩ «ጠባይዋ ተበላሸ» አለ። መሥሪያ ቤቷም «ከወለደች በኋላ አልሆነላትም» አለ። ጠበል ወሰዷት። ጠበሉን አልቃወምም፣ እኔም እሄዳለሁ። ሐኪም ጋ ግን ማንም አልወሰዳትም። ሥራዋን በዚያው ለቀቀች። ያ የሬዲዮ እንግዳ እሷን ቢያያት «አላልኳችሁም?» ይል ነበር።

ስማኝ እንግዲህ ወንድሜ። በ2000 የወጣ አንድ ጥናት አለ። 16 ሴቶች ናቸው። ስምንቱ ድሮ ከወሊድ በኋላ በድብርት የታመሙ፣ ስምንቱ ያልታመሙ። ሁሉም እንደ ነፍሰ ጡር ሆርሞናቸው በመድኃኒት ከፍ ተደረገ፣ ከዚያ ድንገት ተቋረጠ። ድሮ ከታመሙት አምስቱ መልሶ አመማቸው። ከሌሎቹ ስምንት አንዷንም አላመማትም። የወረደው ሆርሞን አንድ ዓይነት ነው። የተቀበለው አንጎል ግን ይለያያል። ታዲያ «ሴት» ብሎ በጅምላ መናገር ከየት መጣ?

ይሄ እውቀት ለሴት ማስወጫ አልዋለም። መድኃኒት ሆነ። አሜሪካ ውስጥ በ2019 አሎፕሬግናኖሎንን ራሱን በደም ሥር የሚሰጥ ሕክምና ለአራስ ድብርት ተፈቀደ። በ2023 ለ14 ቀን የሚዋጥ እንክብል ተከተለ። ነገ ባሕር ዳር ይግባልን ማለቴ አይደለም። ውድ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ የምጠይቀው ሳንቲም የማያስወጣ ነገር ነው።

ልጄን ለ45 ቀን ክትባት ይዤው ስሄድ መዘኑት፣ ወጉት፣ ካርዱ ላይ ጻፉ። ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቄ ስለ እኔ አንድ ጥያቄ አልተጠየቅኩም። ከአጠገቤ የተቀመጠች ልጅ እግር እናት ዓይኗ በእንባ ሞልቶ ነበር። እሷንም ማንም አልጠየቃትም። ካርዱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር። ነርሷ ልጁን እንደወጋች ቀና ትበልና እናትየዋን ትጠይቃት፦ «አንቺስ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ሆድሽን ባር ባር ይለዋል?» ሬዲዮ ጣቢያውም በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ሆርሞን ማውራት ከፈለገ፣ እንግዳውን ይተወውና አንዲት አዋላጅ ይጋብዝ።