የቦጨቃችሁትን ሳር መልሱ፣ ያመጣችሁትን ፌስታል ውሰዱ

የጅማ ሰዎች፣ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ ስሙን። ነገራችን ስለ ሜዳችሁ ነው፤ ልጆቻችሁ ኳስ ስለሚጫወቱበት፣ እናንተም ከሰዓት በኋላ አረፍ ስለምትሉበት፣ ሙሽራና ተመራቂ ፎቶ ስለሚነሳበት፣ በኢድ ማለዳ ሰው ተሰልፎ ስለሚሰግድበት ሳር። ያ ሳር እየሞተ ነው። እንደ ጅማ ዝናብ በማይጠፋበት ከተማ ሳር ሲሞት ጥፋቱ የሰማይ አይደለም። በአሥር ሰከንድ የሚስተካከለውን ነገር ዐይታችሁ እንዳላያችሁ አልፋችሁ ስለምትሄዱ ነው።

መጀመሪያ ሳሩን እወቁት። በየሜዳችን በብዛት ያለው ሰርዶ ነው፤ ገበሬ ከማሳው ነቅሎ የማይጨርሰው ሳር። ከመሬት በላይ እየተሳበ፣ ከመሬት በታችም እየተሰራጨ ይሄዳል፤ በደረሰበት ሁሉ በየአንጓው ሥር ይሰዳል። ስለዚህ ማንም አይሳሳለትም። ነገር ግን ሰርዶም ቢሆን አንጓው ከደረቀ፣ አፈሩ ከጠጠረና ብርሃን ካጣ ይሞታል። እናንተ ደግሞ ሦስቱንም በአንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ታደርሱበታላችሁ።

ኳስ ተጫዋቾች ሆይ፣ ከእናንተ እንጀምር። አጥቂው ተንሸራቶ ኳሱን ሲነጥቅ መዳፍ የሚያክል ጓል ከነሳሩ ተቦጭቆ ይወጣል። አንስታችሁ ገልብጡትና ተመልከቱ፤ ሥሩ ነጭ ነው፣ እርጥብ ነው፣ አፈር ጨብጧል። በሕይወት አለ። ቶሎ ወደ ጉድጓዱ ከመለሳችሁትና ዙሪያውን በእግራችሁ ከጫናችሁት ይይዛል። በከሰዓት ፀሐይ ተገልብጦ ከዋለ ግን ሥሩ ቡናማ ይሆናል፤ ያኔ ብትመልሱትም የደረቀ ጭድ መቅበር ነው። ባዶው ጉድጓድ ውሃ ያቁራል፣ የሚቀጥለው ተጫዋች እግር ያንሸራትታል፣ ጠርዙም በየጨዋታው ይፈራርሳል። በግንቦት መዳፍ ያክል የነበረው በነሐሴ ሳፋ አክሎ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ‹‹ይሄ ሜዳ ጉድጓድ ብቻ ሆነ›› ትላላችሁ። ማን ቆፈረው?

አመላለሱም እንዲህ ነው። ጓሉ ሳሩ ወደ ላይ ሆኖ እንደ ነበረው ይቀመጣል። ከዚያ በጫማ ጠርዝ ከዙሪያው ወደ መሐል ይጫናል፤ ከዳር ክፍተት ከቀረ ነፋስ ገብቶ ሥሩን ያደርቀዋልና። በመጨረሻ በሙሉ እግር አንዴ ረገጥ ይደረጋል፣ በቃ። ጨዋታው ሲያልቅ 22ቱ ተጫዋቾች በአንድ መስመር ተሰልፈው ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢሄዱ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጥበቃው ብቻውን ሲያደርገው ግን ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ እስከዚያም ጓሉ ደርቋል።

ጎልፍ የሩቅ ሰው ጨዋታ ይመስላችሁ ይሆናል። ቢሆንም ሳር ላይ መጫወትን ከነሥርዓቱ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የጎልፍ ሕግ ገና በመጀመሪያው ክፍል ተጫዋቹ ሜዳውን እንዲጠነቀቅለት ያዛል፤ በዱላ የተቦጨቀውን ሳር መልሱ፣ አሸዋው ላይ የተዋችሁትን ዱካ ደልድሉ፣ ኳሷ ወድቃ ያጎደጎደችውን አስተካክሉ ይላል። ይህ ስለ ነጥብ አቆጣጠር ከሚናገረው ሕግ በፊት የተጻፈ ነው። ለማጎደጎዷ እንኳ የራሱ አሠራር አለው፦ ትንሽ ሹካ መሰል ነገር ከጠርዙ ገብቶ ሳሩ ወደ መሐል ይገፋል፤ ከሥር ወደ ላይ ፈንቀል የተደረገ እንደሆነ ግን ሥሩ ይበጠሳል። ዱላ ይዞ ኳስ የሚመታ ሰው ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ባለ ጥርስ ጫማ አድርጋችሁ ሳሩን የምታርሱት እናንተ ምን ያህል ልትጠነቀቁ ይገባል?

ሁለተኛው ጥፋት በእርጥብ ሜዳ ላይ መጫወት ነው፤ ለጅማ ደግሞ ዋናው ይኸው ነው። ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ አፈራችንም የሚያጣብቅ ሸክላማ ነው። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ሥሩ የሚተነፍስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ደረቅ ሳለ ሲረገጥ ይችላል፤ እርጥብ ሳለ ሲረገጥ ግን እንደ ተመታ ምርጊት ይደፈናል። ከዚያ በኋላ ውሃው ወደ ታች አይሰርግም፣ ላይ ይተኛል፣ ሳሩም ቢጫ ሆኖ ቦታውን ለአረም ይለቃል። ስለዚህ ከመጫወታችሁ በፊት ተረከዛችሁን ሳሩ ላይ ጫን አድርጉ። በጫማችሁ ዙሪያ ውሃ ብቅ ካለ ያን ቀን ጨዋታ የለም፤ ውርርድ ቢኖርም፣ ዳኛ ቢመጣም የለም። ማሟሟቂያችሁንም በጎሉ አፍ ላይ አታድርጉ፤ በየሜዳው መጀመሪያ የሚመለጠው እሱ ነው። ከመስመር ውጭ ባለው ጥግ ላይ ሩጡ፣ በየጊዜውም ጥጉን ቀይሩ።

ባጃጅና ሞተር ይዛችሁ ሳር ላይ የምትዞሩ፣ እናንተን በለሰለሰ ቃል ልናልፋችሁ አንችልም። በዝናብ ማግስት አንድ ጊዜ ስትዞሩ ጎማው የሚያወጣው ቦይ ለወራት አይድንም። በቦዩ ውስጥ የሚተኛው ውሃ ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው፤ የወባ ትንኝ እንቁላል ለመጣል የምትመርጠው እንዲህ ያለውን ነው። ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከእንቁላል ተነሥቶ የሚበር ትንኝ ይሆናል። ሁለት መቶ እርምጃ ላለመሄድ ብላችሁ ለሰፈሩ ልጆች ወባ አትፈልፍሉ።

አሁን ወደ ቆሻሻው። በኦቾሎኒና በሱፍ ቅርፊት ላይ ብዙ አንነታረክም፤ ይበሰብሳል። ገራባ ግን ሌላ ነው። ጫት ቅማችሁ ስትነሡ ገራባውን ክምር አድርጋችሁ ትታችሁት ትሄዳላችሁ። ከክምሩ ሥር ያለው ሳር ብርሃን ያጣል፤ በሳምንት ውስጥ ገረጣ፣ በሁለተኛው ሳምንት በሰበሰ። ከገራባው ጋር የጫቱ ፌስታል ተጠቅልሎ ይቀራል። በግ ይመጣል፣ ገራባውን ከነፌስታሉ ይውጠዋል። ፌስታል በጨጓራ አይፈጭም፣ አይወጣምም፤ እየተጠቀለለ ቦታ ይይዛል፣ በጉም ሆዱ ሞልቶ ሳለ በረሃብ ይከሳል። ለበዓል ያረዳችሁት በግ ጨጓራ ሲሰነጠቅ ኳስ የሚያክል የፌስታል ጥቅል ያገኛችሁ እናቶች ይህን ለእኛ መንገር ትችላላችሁ። ስስ ፌስታል እኮ ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ተከልክሎ ነበር፤ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን የማይበሰብስ ፌስታል ሕጉ ካገደው ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ጠበቅ አድርጎታል።

የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ጥርስ አለው። ባዶ እግሩን የሚጫወተው ልጅ ተረከዝ ውስጥ ሲገባ ቀዳዳው ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ደም ብዙ አይፈስም፣ ቤተሰብም ይንቀዋል። መንጋጋ ቆልፍ የሚገባው ግን እንዲህ ባለው ቁስል ነው። የጠርሙስ ስባሪ ደግሞ ሳር ውስጥ አይታይም፤ አጫጁ በግራ እጁ ሳሩን ጨብጦ ማጭዱን ሲሰነዝር ስባሪው መዳፉን ይሰነጥቀዋል። በማሽን የሚታጨድ ከሆነ ምላጩ በደቂቃ እስከ 3000 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ያገኘውን ስባሪ እንደ ጥይት ይወረውረዋል። የሲጋራ ቁራጭም ጥጥ ይምሰላችሁ እንጂ ማጣሪያው ፕላስቲክ ነው።

ሙሽሮችን የምታጅቡ፣ የተመራቂ ቤተሰቦችም፣ ደስታችሁ ደስታችን ነው። ነገር ግን ያን ብልጭልጭ ወረቀት አትርጩ። ወረቀት አይደለም፤ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ሳሩ ውስጥ ከገባ በእጅ አይለቀምም፣ በመጥረጊያም አይወጣም። አበባ በትኑ፣ ፈንዲሻ በትኑ። ቡና የምታፈሉ እህቶችም ምድጃውን ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ የጋለ አመድ ሳር ላይ ከተደፋ አንጓውን ያቃጥለዋል። የቡናው አተላ ግን ስስ አድርጋችሁ ብትበትኑት ጉዳት የለውም።

ሜዳ ላይ የጣላችሁት ነገር ሜዳ ላይ አይቀርም። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ወደ ቦዩ ይወስደዋል። ክዳኑ እንደ ተዘጋ የተጣለ ሃይላንድ ይንሳፈፋል፣ ትቦው አፍ ላይ ሲደርስ ይወተፋል፣ ከኋላው ፌስታልና ገራባ ይከመርበታል፣ ውሃውም ተመልሶ ወደ ሱቃችሁ ይገባል። ያመለጠው ወደ አዌቱ ወንዝ ይወርዳል። አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ጉማሬና ወፍ ወዳለበት ወደ ቦዬ ረግረግ ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ግልገል ግቤ ወንዝ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት የሚያመነጨው ግድብ ላይ የሚደርሰው የእናንተ ሃይላንድ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ለጨዋታ ስትመጡ አራት ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ይዛችሁ ኑ፤ በአራቱም ማዕዘን ችካል ላይ እሰሯቸው፤ አፋቸው ከፈት ብሎ እንዲቆም ጠርዛቸውን አጥፉት። በአንዱ ሃይላንድ ብቻ ይግባ፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ጨፍልቁት፤ ቆራሌው ይገዛዋል። በሌላው ጠርሙስና ቆርኪ፤ በሦስተኛው ፌስታልና ሌላው ቆሻሻ፤ በአራተኛው ገራባና ልጣጭ፣ እሱ ለማዳበሪያ ይሆናል። ማን ይዞ እንደሚመለስ ጨዋታው ሳይጀመር በስም ተነጋገሩ፤ ‹‹አንዱ ይወስደዋል›› ከተባለ ማንም አይወስደውም። ሜዳው ላይ አታቃጥሉ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሳሩን ብቻ ሳይሆን አፈሩንም ያበላሻል፤ ጭሱም ለሳንባችሁ ነው።

ተመልጦ የቀረውን ቦታ ለመመለስ ሁለት እጅ የወንዝ አሸዋና አንድ እጅ የተነፋ ጥቁር አፈር ቀላቅሉ፤ ሲረጋ ስለሚወርድ ከዙሪያው አንድ ጣት ከፍ አድርጋችሁ ሙሉት። የጠጠረ ከሆነ አስቀድማችሁ በሹል ብረት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እየወጋችሁ አላሉት። ከዚያ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የሰርዶ ሐረግ ቁረጡ፤ ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ፣ ጫፉ ውጭ ሆኖ በየስንዝሩ ትከሉ። ክረምቱ ሲገባ ከተተከለ ውሃ ማጠጣት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ለስድስት ሳምንት አለመረገጥ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ዙሪያው በሲባጎ የሚታጠረው። ባለፈው የታጠረውን ሲባጎ ለአቋራጭ ብሎ የበጠሰ ሰው አለ፤ ዱካው እስከ ዛሬ መሐሉ ላይ ይታያል። ዘንድሮ ሲባጎ ካያችሁ በዙሪያው ሂዱ፤ ልጅ ሲያልፍበትም ካያችሁ የማንም ልጅ ይሁን ጠርታችሁ መልሱት።