የአያቴ ጠገራ ብሮች ዋጋ ስንት ነው?

አያቴ ካረፉ በኋላ ከሣጥናቸው በጨርቅ ተቋጥረው የተገኙትን አራት ጠገራ ብሮች ይዤ መንከራተት ከጀመርሁ ሁለት ወር ሞላኝ፤ እስካሁን ግን «ይህ ስንት ያወጣል?» ብዬ ስጠይቅ ብሮቹን አገላብጦ አይቶ የመለሰልኝ ሰው አላጋጠመኝም።

ሦስቱ ማርትሬዛዎች፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባቸው ብሮች ናቸው። መርካቶ ያነጋገርሁት ወርቅ ሠሪ ሚዛን ላይ ጥሎ በግራም ሒሳብ ዋጋ ቆረጠላቸው። አንዷ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች፣ ንጹሕ ብሯ ከ23 ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ስለዚህ ሰውዬው በእርሱ ሙያ አልዋሸም። የዋሸኝ የቅርሳ ቅርስ ነጋዴው ነው። የእኔን ሲያይ «ይህ እኮ የትም ሞልቷል» አለኝ፤ በመስታወት ውስጥ ያስቀመጣትን የራሱን ማርትሬዛ ስጠይቀው ግን «1780 የሚለውን አያዩም? ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየች ናት» ብሎ ዋጋዋን ሰማይ ሰቀለው። 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቪየና፣ በሮማ፣ በለንደንና በቦምቤይ ሳይቀር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ስትመታ ያ ቁጥር አልተለወጠም። ዓመቱ ብቻውን ዕድሜዋን አይናገርም፤ ነጋዴው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም።

አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ በየሳምንቱ የሽያጭ ማስታወቂያ ፎቶ እየላከ «ሀብታም ሆናችኋል» ይለናል። የሚልከው ሻጭ የጠራውን ዋጋ እንጂ ገዢ የከፈለውን አይደለም፤ ይህንን ስነግረው «አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ጨለማው ነው የሚታይህ» ብሎ ተቀየመኝ።

አራተኛው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነው፤ ያንገበገበኝም እርሱ ነው። ፲፰፻፹፱ ተጽፎበታል (የግእዝ ቁጥር ለማንበብ እኔም የልጄን ደብተር መበደር ነበረብኝ)። የ1887ቱ ከ1889ኙ ይልቅ ብርቅ ስለሆነ የመጨረሻዋ ፊደል ፯ ናት ወይስ ፱ የሚለው ብዙ ገንዘብ ይለውጣል። በዚያ ላይ የእኛን 1889 የውጭ አገር የሳንቲም ሰብሳቢዎች 1897 ብለው ስለሚመዘግቡት ያንኑ ብር በሁለት ዓመተ ምሕረት ስር እየፈለግሁ ስንት ሌሊት አነጋሁ!

ታዲያ ቁጥሩን ለይቼ፣ ብሩ ላይ የተቀረጸው አንበሳ የትኛውን እግሩን እንዳነሣ አረጋግጬ፣ በመጨረሻ አንድ የሚያውቅ ሰው ሊያይልኝ ቀጠሮ በሰጠኝ ዋዜማ፣ አክስቴ «ለእንግዳ እንዲህ ጠቁሮ አይታይም» ብለው በሎሚና በአመድ ፈትገው አብለጨለጩት። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ ለጥቁረቱ፣ ላልተነካው ገጹ ነበር። ሰውየው በማግስቱ በማጉያ መነጽር አይቶ፣ የንጉሡ ጉንጭ ላይ የቀሩትን ቀጫጭን ጭረቶች በጥፍሩ ጫፍ አሳየኝና ዝም ብሎ ሚዛኑን አወጣ።

አክስቴ ቀሪዎቹን ሦስቱን መቼ እንደማመጣላቸው ትናንትም ጠይቀውኛል።