በቆሎው ሳይነሳ አደን?

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ «አጨዳው ስለዘገየ የዘንድሮ የፌዛንት አደን ደካማ ይሆናል» ይላል። አሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት ለምንኖር ይህ ግማሽ እውነት ነው። ፌዛንትን ለማታውቁ፦ ከቆቅ ገዘፍ ያለ፣ ጅራተ ረጅም፣ አውራው አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው ወፍ ነው።

ዋናው አደን የሚከፈተው በኦክቶበር ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ገበሬው አስቀድሞ አኩሪ አተሩን ያነሳል፤ በቆሎውን ግን እርጥበቱ ወደ 15 በመቶ እስኪወርድ ይጠብቃል፣ በማሽን ማድረቅ የጋዝ ወጪ አለበታ። ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ እንደ 2019 በጣም ይጓተታል። ታዲያ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ በቆሎ ውስጥ ወፉ አይበርም፣ ይሮጣል። ውሻው ያሸታል፣ ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል፣ እኛ በአንዱ ጫፍ ስንገባ እሱ በሌላው ወጥቷል። ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ ማለት ይሄ ነው!

ግን ወፉ የትም አልሄደም። በመክፈቻው ያመለጠው አውራ በቆሎው ሲነሳ ወደ ሳሩና ወደ ፊላው ይገባል፤ አደኑ እስከ ጃንዋሪ 31 ስለሚቆይ ያኔ ታገኙታላችሁ። እኔ በረዶ ከጣለ በኋላ ያለውን ሳምንት ነው የምወደው። ኮምባይነር እየሠራ ካያችሁ ባለ እርሻውን ፈቃድ ጠይቁና የመጨረሻዎቹ መስመሮች ጫፍ ላይ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

በቀን የሚፈቀደው 3 አውራ ነው። ለእኔ አንዱም ይበዛል፤ ባለቤቴ «ቢላዋ ያልነካውን ወጥ አልሠራም» ብላለች።